ከቤተ ሙከራ ወደ ማድ ቤት፦ የቦኒ ጋርመስ «የኬሚስትሪ ትምህርቶች» ሲመዘን

ልብ ወለድ መጽሐፍን በትምህርት ጥናት መጽሔት ላይ መመዘን ምን ፋይዳ አለው የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ አንባብያን ዘንድ ሊነሣ ይችላል። መልሱ አጭር ነው። ስለ ሴት ተማሪዎችና ስለ ሳይንስ ትምህርት በየጊዜው የሚቀርቡት ጥናቶች ስንት ተመዘገቡ፣ ስንቱ አለፉ፣ ስንቱ አቋረጡ የሚለውን በሠንጠረዥ ያሳዩናል። አንዲት ሴት በቤተ ሙከራ ውስጥ ቆማ ሳለ በአካባቢዋ ያሉት ሰዎች በምን ዓይን እንደሚያዩአት፣ ምን ብለው እንደሚጠሯት፣ እርሷም በልቧ ምን ብላ እንደምትመልስ ግን ከሠንጠረዥ አይገኝም። ይህን ማሳየት የልብ ወለድ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቦኒ ጋርመስ «የኬሚስትሪ ትምህርቶች» ይህን ድርሻ እወጣለሁ ብሎ የተነሣ መጽሐፍ ነው። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጦለታል፤ በ2023ም በተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ተሠርቷል። ይህን ያህል የተነበበ መጽሐፍ ስለ ሳይንስ መምህርነት የሚናገረው ካለው፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊመዝኑት ይገባል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲዋ ረጅም ዘመን የማስታወቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ሥራ ላይ የቆየች ስትሆን፣ ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለድዋ ለኅትመት የበቃው ዕድሜዋ ከስልሳ ካለፈ በኋላ ነው። በአንድ የሥራ ስብሰባ ላይ ያቀረበችውን ሐሳብ አንድ ወንድ ባልደረባዋ የራሱ አድርጎ ሲደግመው፣ ተሰብሳቢውም ለእርሱ ሲያመሰግን አይታ በዚያው ቀን መጽሐፉን መጻፍ እንደ ጀመረች በቃለ ምልልስ ተናግራለች። የመጽሐፉ ብርታትም ጉድለትም ከዚህ የቁጣ ምንጭ የሚቀዳ መሆኑን አንባቢ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ታሪኩ በ1961 በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ይጀምርና ወደ 1952 ወደ ኋላ ይመለሳል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤልዛቤት ዞት የኬሚስትሪ ተመራማሪ ናት። የምትመራመረውም ሕይወት ከሌለው ነገር ሕይወት በመጀመሪያ እንዴት ሊገኝ ቻለ በሚለው ከባድ ጥያቄ ላይ ነው። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪዋን አግኝታ ለዶክትሬት ስትዘጋጅ፣ አማካሪዋ የሆነው ፕሮፌሰር በቤተ ሙከራ ውስጥ አስገድዶ ይደፍራታል። በእጅዋ በነበረው እርሳስ ወግታው ታመልጣለች። ዩኒቨርሲቲው የተቈጣው በደፋሪው ላይ አልነበረም፤ እርሷ የጸጸት ቃል እንድትሰጥ ጠየቃት፤ አልሰጥም ባለች ጊዜ የዶክትሬት ትምህርቷ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሄስቲንግስ በተባለ የምርምር ተቋም ከዕውቀትዋ በታች በሆነ የሥራ መደብ ተቀጠረች። በዚያም ስመ ጥሩውን ኬሚስት ካልቪን ኢቫንስን ትተዋወቃለች። የተዋወቁትም ከእርሱ ቤተ ሙከራ ቢከር ልትወስድ በገባች ጊዜ ነው፤ እርሱም ጸሓፊ መስላው ነበር። ይህ የተሳሳተ ግምት በመጽሐፉ ውስጥ ከተሰነዘሩት ስድቦች ሁሉ ቀላሉ ቢሆንም ከሁሉ የበለጠ እውነትነት ያለው ነው።

ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ እርሷ ግን ለማግባት እምቢ ትላለች። ምክንያትዋ ግልጽ ነው፤ ስምዋን ለውጣ የኢቫንስ ሚስት ከተባለች የምትሠራው ሥራ ሁሉ ለባልዋ እንደሚቈጠር ታውቃለች። ካልቪን በድንገተኛ አደጋ ይሞታል። እርሷም ማርገዟ ሲታወቅ፣ ያላገባች ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ ከሥራ ትባረራለች። የወር ገቢዋ ሲቋረጥ የቤትዋን ማድ ቤት በመዶሻ አፍርሳ ቤተ ሙከራ ትሠራበታለች። ያባረሯት ሰዎች ባልደረቦችም የከበዳቸውን ጥያቄ ይዘው በድብቅ ወደዚያው ይመጣሉ፤ እርሷም ታስከፍላቸዋለች። በመጨረሻ፣ ልጅዋ ማድሊን ትምህርት ቤት ስትገባ በተፈጠረ ትንሽ የምሳ ሣጥን ጉዳይ ሳቢያ ዋልተር ፓይን ከሚባል የቴሌቪዥን አዘጋጅ ጋር ትገናኝና «እራት በስድስት» የተሰኘ የምግብ አሠራር ዝግጅት እንድታቀርብ ትቀጠራለች። (ስድስት ሲባል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ርእሱን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው እራቱን በቀትር ያቀርባል። «ስድስት ሠላሳ» ተብሎ የተሰየመው ውሻም ዕጣው ከዚህ አይለይም።)

ስለዚህ ውሻ አንድ ቃል ጨምሬ ልለፍ። ፈንጂ አነፍናፊ እንዲሆን ሠልጥኖ ያልተሳካለት ሲሆን ኤልዛቤት በመቶዎች የሚቈጠሩ ቃላት ታስተምረዋለች፤ ደራሲዋም አንዳንዱን ምዕራፍ በእርሱ አስተሳሰብ ትተርካለች። ቀልዱን የወደዱት ብዙዎች ናቸው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኤልዛቤት ለውሻውም፣ ለሕፃን ልጅዋም፣ ለቴሌቪዥን ተመልካቾችዋም የምታስተምረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ይህን አይችልም ብላ አስቀድማ የምትደመድምበት ተማሪ የላትም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ከዚህ ይነሣል። መጽሐፉ ራሱን የሚቈጥረው ስለ አንዲት ታላቅ ሳይንቲስት እንደ ተጻፈ ነው፤ ተቺዎችም በአብዛኛው በዚሁ ተቀብለውታል። በእኔ ግምት ግን ሳይንቲስቷ ደካማ ሥዕል ናት፤ የተዋጣው የመምህርቷ ሥዕል ነው።

መምህርቷን እንመልከት። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሹማምንት ከኤልዛቤት የሚፈልጉት ጠባብ ቀሚስ ለብሳ፣ ፈገግ ብላ፣ የቤት እመቤቶችን ከቀትር በኋላ እንድታዝናና ነው። እርሷ ነጭ የቤተ ሙከራ ካፖርት ለብሳ ትቀርባለች። መድረኩን የሞላውን ጌጣጌጥ ለታዳሚዎቹ ታድላለች። ጨውን ሶዲየም ክሎራይድ፣ ሆምጣጤን አሴቲክ አሲድ ብላ ትጠራለች። በአንድ ዝግጅት ላይ ኬሚካላዊ ትስስር ሦስት ዓይነት መሆኑን ስታስረዳ ከሰዎች ግንኙነት ምሳሌ እየሰጠች፣ በእጅዋ ግን ምግቡን እየሠራች ነው። አዘጋጁ ፓይን ይህ ሁሉ ተመልካቹን ያባርራል ብሎ ሲሰጋ፣ ሴቶቹ ደብተርና እርሳስ ይዘው ማስታወሻ መጻፍ ይጀምራሉ።

በማስተማር ሥነ ዘዴ ዓይን ሲታይ እዚህ የተፈጸመው ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ መምህራን፣ በተለይም አዲስ ሠልጣኞች፣ ትምህርትን ማቅለል ማለት ቃሉን ማስወገድ ይመስላቸዋል። ኤልዛቤት ቃሉን አታስወግድም፤ ተማሪዋ በየቀኑ በእጅዋ ከምትነካው ነገር ጋር ታገናኘዋለች እንጂ። ሴትዮዋ ሆምጣጤ ምን እንደሚሠራ አስቀድማ ታውቃለች፤ የጐደላት ለዚያ ዕውቀትዋ የሚገባው ስምና ምክንያት ነው። በእኛ አገር ባልትና ተብሎ የሚጠራው ሞያ ከዚህ የተለየ አይደለም። እንጀራ ጋጋሪዋ እርሾው መድረሱን በሽታው፣ በአረፋውና ከላይ በሚያቀረው ውሃ ትለያለች። ከቡኮው ጥቂት ወስዳ በፈላ ውሃ አብስላ አብሲት ስታደርግ ስታርቹ ውሃ መጥጦ እንዲወፍርና ሊጡ እንዲያያዝ እያደረገች ነው። ቅዝቃዜ በበዛበት ሰሞን ቀኑን ታስረዝማለች፣ በሙቀት ታሳጥራለች። መታዘብ፣ መቈጣጠር፣ ደግሞ መሞከር ማለት ይኸው ነው። ስለ መብላላት የሚያስተምር የሳይንስ መምህር ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ከአብሲት ቢጀምር፣ ከክፍሉ ግማሽ የሚበልጡት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቁት ነገር ያገኛሉ።

ሆኖም ማድ ቤቱ በር ብቻ አይደለም፤ አጥርም ነው። ይህን ደራሲዋ በሚገባ አልመረመረችውም። ታሪኩን ወደ ኋላ ብናይ ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ የተባለችው ኬሚስት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብታ በ1873 በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የውሃንና የምግብን ንጽሕና በኬሚስትሪ መርምራለች፤ ኋላም የቤት አያያዝ ሳይንስ እንቅስቃሴን ካቋቋሙት ዋነኛዋ ሆነች። ዓላማዋ ሳይንስን ወደ ቤት ማስገባት ነበር። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪዋ ማርጋሬት ሮሲተር እንዳሳየችው ግን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያንኑ ክፍል ሴት ኬሚስቶችን የሚያስቀምጡበት ጓዳ አደረጉት፤ በኬሚስትሪ ክፍል ቦታ የተነፈገች ሴት ወደ ቤት አያያዝ ክፍል ትላክ ነበር። በእኛም አገር የቤት አያያዝ ለሴቶች፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ለወንዶች ተብሎ የተከፈለበት ዘመን እንደ ነበረ አንጋፋ መምህራን ያስታውሳሉ። እንግዲህ ባልትናን የሳይንስ መነሻ ማድረግና ሴት ልጅን በባልትና መወሰን በአንድ ደጃፍ የሚያልፉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን የሚወስነው ከአብሲቱ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ነው። ኤልዛቤት ከምጣዱ ተነሥታ እስከ ኬሚካላዊ ትስስር ትሄዳለች፤ በምጣዱ ላይ የሚቀር መምህር ግን ልጃገረዶቹን ያገኘው ባሉበት ሲሆን የተዋቸውም እዚያው ነው።

ወደ ሳይንቲስቷ እንምጣ። የኤልዛቤት ዞት ምርምር ታላቅ እንደ ሆነ ደጋግሞ ይነገረናል፤ ሲሠራ ግን ብዙም አናይም። የተመረጠው ርእስ በዘመኑ ሕያው የነበረ ነው። ስታንሊ ሚለር የተባለ ወጣት ተመራማሪ በ1952 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሚቴንን፣ አሞኒያን፣ ሃይድሮጅንንና የውሃ ተንን በመስታወት ዕቃ ዘግቶ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከመታው በኋላ አሚኖ አሲድ ማግኘቱን በ1953 አስታውቋል። በዚያው ዓመትና በዚያው ጥያቄ ላይ የምትሠራ ሴት ኬሚስት ገጸ ባሕርይ ስንት የሚያጓጓ ሌሊት ሊኖራት በቻለ! የፈሰሰ ብልቃጥ፣ ያልጠበቁት ቀለም፣ ለስድስት ወር ከተደከመበት በኋላ የተጣለ ግምት ልናይ ይገባን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ኤልዛቤት በሳይንስ ጉዳይ አትሳሳትም ለማለት ይቻላል። የሚሳሳቱት በዙሪያዋ ያሉት ወንዶች ናቸው። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ለመበደሏ ጥርጣሬ እንዳይኖር ነው፤ ነገር ግን መበደልን ለማስረዳት ተበዳይን ፍጹም ማድረግ አያስፈልግም ነበር። ለማስተማር ሥራ ደግሞ ጉዳቱ የጐላ ነው። የሳይንስ መምህር ከሚያስተምረው ግማሹ ሙከራ ሲከሽፍ ምን መደረግ እንዳለበት ነው። መልስ ሲሳሳቱ የሚሸማቀቁ ልጃገረዶች የማትሳሳት ሳይንቲስት ሲቀርብላቸው ሳይንስ የእነርሱ አለመሆኑን ሊያረጋግጡበት ይችላሉ።

ሁለተኛው ጉድለት ክፋት የተሣለበት መንገድ ነው። ደፋሪው ፕሮፌሰር፣ የሄስቲንግስ የኬሚስትሪ ኃላፊ ዶናቲ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቃ ሁሉም ገና ሲታዩ የሚጠሉ ሰዎች ናቸው። ዶናቲ ከኤልዛቤት የሰረቀውን ጥናት በራሱ ስም ያሳትማል፤ ለእርሷ ምርምር የተሰጠውንም ገንዘብ፣ ዞት የተባለው ተመራማሪ ወንድ እንደ ሆነ ለሰጪው በማስመሰል፣ ለሌላ ያውላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አልነበሩም አልልም። ነገር ግን የዘመኑ ሴት ሳይንቲስቶች እውነተኛ ታሪክ የሚያሳየው ግንቡ በብዙ ቦታ በጨዋ ሰዎችና በተፈረመ ደንብ የተሠራ መሆኑን ነው።

የማሪያ ጎፐርት ማየርን ሕይወት እንውሰድ። በጀርመን አገር በፊዚክስ ዶክትሬትዋን ተቀብላ በ1930 አሜሪካዊ ኬሚስት ባልዋን ተከትላ ወደ ባልቲሞር መጣች። ባልና ሚስት በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንዳይቀጠሩ የሚከለክል ደንብ ስለ ነበረ ባልዋ ፕሮፌሰር ሲሆን እርሷ በአንድ ጥግ ክፍል ተሰጥቷት ያለ ደመወዝ ወይም ለስም ያህል በተሰጣት ክፍያ ትሠራ ነበር። በኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁኔታዋ ብዙም አልተሻሻለም። ከ1946 ጀምሮ በቺካጎ ፕሮፌሰር የሚል ማዕረግ ቢሰጣትም ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ አይከፍላትም ነበር፤ ገንዘብ ያገኘችው በአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በግማሽ ቀን ሥራ ነው። የአቶም እምብርት በድርብርብ ደረጃዎች የተዋቀረ መሆኑን ያሳየችበት ታላቁ ሥራዋ የተወለደው በዚሁ ጊዜ ነው። ሙሉ ደመወዝ ያለው ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኘችው በ1960 በሳን ዲያጎ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1963 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች፤ ከማሪ ኪዩሪ በኋላ በዚህ ዘርፍ ሁለተኛዋ ሴት መሆኗ ነው። በመካከሉ ስልሳ ዓመት አልፏል። የከተማዋም ጋዜጣ ዜናውን ሲያወጣ በርእሱ ላይ የጠራት የሳን ዲያጎ እናት ብሎ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዶናቲን የሚመስል ሰው አናገኝም። ባልዋ ይደግፋት ነበር፤ ባልደረቦችዋ ያከብሯት ነበር፤ ከእርሷ ጋር ይመካከሩ ነበር። የሚያከብሯት ሰዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል ተገቢውን ደመወዝ ሳይከፍሏት ኖሩ፤ ደንቡም ስለ ፈቀደላቸው አልከበዳቸውም። የሮዛሊንድ ፍራንክሊንም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በእርሷ ምርምር ሥር የተነሣው የዲኤንኤ የኤክስ ሬይ ሥዕል በ1953 መጀመሪያ ላይ ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን ታየ፤ እርሷ በ1958 በሠላሳ ሰባት ዓመትዋ ሞተች፤ ሽልማቱ በ1962 ለሦስት ወንዶች ተሰጠ። ሥዕሉን ያሳየው ባልደረባዋ የሠራው ነገር ስርቆት ነው ብሎ ያሰበ አይመስልም። የልብ ወለዱ አንባቢ ግን መጽሐፉን ሲዘጋ እኔ ዶናቲን አልመስልም ብሎ በሰላም ሊተኛ ይችላል። ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ይህ አደገኛ እንቅልፍ ነው። ያላገባች ነፍሰ ጡር ተብላ ኤልዛቤት ከሥራ የተባረረችበት ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የላቀ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እርሷ፣ ልጁ የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ የአንድ መሆኑን በሎጂክ ስትጠይቅ፣ የሚመልሱላት ደንቡን ነው። በአሜሪካ በእርግዝና ምክንያት ከሥራ ማሰናበትን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1978 ነው።

መፍትሔውም እንደ በደሉ በሰው ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ የካልቪን ወላጅ እናት የሆነች ባለጸጋ ትገለጣለች፤ ተቋሙን ትገዛዋለች፤ ዶናቲ ይባረራል፤ ኤልዛቤት የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ትሆናለች። አንባቢ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ደንቡ ምን ሆነ? ባለጸጋ አማት የሌላት ሁለተኛዋ ነፍሰ ጡር ኬሚስት በሚመጣው ዓመት ምን ይገጥማታል? መጽሐፉ አይጠይቅም።

ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። ታሪኩ የሚፈጸመው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው በሚታገሉበት ዘመን ቢሆንም በልብ ወለዱ ውስጥ ለእነርሱ የተሰጠ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በ2023 ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ይህን ተመልክተው የጎረቤቲቱን የሃሪየት ስሎንን ባሕርይ ለውጠው ለሰፈርዋ የምትታገል ጥቁር ሴት አድርገዋታል። ማሪ ሜይናርድ ዴሊ በ1947 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬት በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት እንደ ሆነች የሚያውቅ አንባቢ፣ ኤልዛቤት በዘመኑ ብቸኛ ሆና መሣልዋ ያስገርመዋል።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ መጽሐፉን ለምን አነሣሁት? ስለ ሁለት ንኡሳን ገጸ ባሕርያት ነው። አንደኛዋ ሚስ ፍራስክ ናት። በሄስቲንግስ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል የምትሠራ፣ በኤልዛቤት የምትቀና፣ በመባረርዋም እጅዋን ያስገባች ሴት ናት። ዘግይተን እንደምንረዳው እርሷም በአንድ ወቅት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፤ እርሷም በመምህርዋ ተደፍራ ትምህርቷን አቋርጣለች። ሁለቱ ሴቶች ይህን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቦታ ከመጽሐፉ ገጾች ሁሉ የበለጠ ክብደት አለው። ፍራስክ ሊቅ አይደለችም፤ ስለ በደሏም ያጨበጨበላት የለም፤ የተቀበለችውን ዱላ ወደ ሌላዋ ሴት አስተላለፈች። በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ በሴት ተማሪዎች ላይ ከወንዱ መምህር ይልቅ የሚጨክኑ ሴት ኃላፊዎች ለምን እንዳሉ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ምዕራፍ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛዋ ሚስስ ፊሊስ ናት። ከታዳሚዎቹ መካከል ተነሥታ ጥያቄ ስታቀርብ ራስዋን የምታስተዋውቀው በባልዋ ስም ነው። ኤልዛቤት የቤት እመቤት ባትሆን ምን ለመሆን ትፈልግ እንደ ነበር ስትጠይቃት፣ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ብላ ታፍራለች። አዳራሹ ዝም ይላል። ኤልዛቤት አትስቅም፤ አታባብልምም፤ እንዴት ያለ መንገድ እንደሚያስፈልግ ልክ የጨው መጠን እንደምትነግር አድርጋ ትነግራታለች። ኋላም ሴትዮዋ የሕክምና ትምህርት መግባትዋን እንሰማለን። ደራሲዋ ነገሩን ትንሽ አፋጥናዋለች፤ የአምስት ልጆች እናት የሕክምና ትምህርት ቤት በር የምትደርሰው በጭብጨባ አይደለም። ሆኖም መምህር ሊያደርግ የሚችለው ይህን ያህል ነው፤ ይህም ትንሽ አይደለም። ተማሪ ያልተጠበቀ ምኞት በክፍል ውስጥ ሲናገር ከመምህሩ ፊት ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ነገር ስንት ዓመት እንደሚከተለው በሥራው የቆዩ ሁሉ ያውቃሉ።

ለእኛ ተለይቶ የሚገጥመን አንድ የቋንቋ ጉዳይ ደግሞ አለ። ኤልዛቤት በእንግሊዝኛ ታዳሚዎችዋን ስትናገር የምትጠቀምበት ቃል ወንድና ሴት አይለይም። አማርኛ ግን ይለያል። ሳይንስ በአማርኛ በሚሰጥባቸው የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የሙከራ መመሪያ ስናዘጋጅ «ውሃውን ለካ፣ አሙቅ፣ ያየኸውን መዝግብ» ብለን መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ትእዛዙ የሚደርሰው ለወንዱ ልጅ ነው፤ ልጅቱ የምትሰማው በጎረቤት ሆና ነው። በተግባር ማስተማር ልምምድ ወቅት ብዙ ጊዜ እንደ ተመለከትሁት በቡድን ሙከራ ጊዜ ወንዶቹ ዕቃውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ጽሕፈቱን ይጽፋሉ፤ ሠልጣኙ መምህርም ጽሕፈታቸው ያምራል ብሎ ያመሰግናቸዋል። «ለኩ፣ አሙቁ፣ ያያችሁትን መዝግቡ» ብሎ መጻፍ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ዕቃውን በየተራ እንዲይዙ ማድረግም እንዲሁ።

መጽሐፉ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ቢገኝ መልካም ነው። እንግሊዝኛው ቀልድ የበዛበት ቢሆንም ለሠልጣኞች ከአቅም በላይ አይሆንም። የመደፈሩ ትዕይንት አጭር ቢሆንም የሚያስደነግጥ ስለ ሆነ ለታዳጊ ተማሪዎች የሚሰጥ አይደለም። ለሠልጣኞች የሚመደብም ከሆነ፣ ሙሉውን ማንበብ ባይመች፣ ስለ «እራት በስድስት» የመጀመሪያ ዝግጅቶችና ስለ ሚስ ፍራስክ የሚተርኩት ምዕራፎች ይበቃሉ። ከእነዚህ ጎን የማሪያ ማየር የሕይወት ታሪክ ቢቀርብ፣ ከራሳችንም በፍኖተ ሰላም ተወልደው የዕፀዋት በሽታ ተመራማሪ የሆኑት፣ በ2014 በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት የተቀበሉት የዶክተር ሰገነት ቀለሙ ታሪክ ቢታከል፣ ሠልጣኞቹ የሚከራከሩበት በቂ ነገር ያገኛሉ። ለክርክሩ መክፈቻ የሚሆን ጥያቄም ከዚሁ ጋር ላቅርብ፦ ሄስቲንግስ የምርምር ተቋም ዶናቲን ባያውቅ ኖሮ ኤልዛቤት ዞት በእርግዝናዋ ወቅት በሥራዋ ላይ ትቆይ ነበርን?